ማሳ ካልነካህ አይይዝህም

ሰዎቹን አስቀድሜ በስማቸው ልጥራ። ካቦ ተስፋይ፣ አስመራ ተወልደው ሥራውን ከጣሊያኖች እጅ የለመዱ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኞች አለቃ። ገመቹ፣ የካ ተራራ ሥር ተወልዶ ያደገ፣ አብሮኝ ምሰሶ የወጣ ባልደረባዬ። ሐጂ ሸምሱ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ የነበራቸው። የሺ፣ ባለቤቴ። እኔ፣ ደምሴ። ስድስተኛው ሰው አይደለም፤ አንድ ጥንብ አንሳ ነው። እሱ እውነቱን አስቀድሞ ነግሮን ነበር። ሰሚ አላገኘም እንጂ።

ልጆቼ ይህን ታሪክ ከእኔ አፍ ሰምተው አያውቁም። እኔ ለእነሱ የነገርኳቸው ስለ ትጋት፣ ሰዓት ስለማክበርና ጫማ ስለመጥረግ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ግን ታሪኩን የማያውቅ የለም። ከሌላ ሰው ተጨማምሮበት ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

ሥራ የጀመርኩት ጣሊያን ከወጣ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቀበና ድልድይ አጠገብ ካለው የዕቃ ግምጃ ቤት ደረስኩ። ካቦ ተስፋይ ከፊቴ በፊት እግሬን አዩ። ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ አድርጌ ነበር።

«ስምህ ማነው?»

«ደምሴ።»

«ኮረንቲ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

የማውቀው ከአንድ ቡና ቤት ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለ አምፖል ነበር። እሱንም ሲበራ አይቼዋለሁ እንጂ ስላበራው ነገር አስቤ አላውቅም።

«ጌታዬ አትበለኝ። ካቦ በለኝ። ከምሰሶ ላይ ስትወድቅ ረጅም ስም የምትጠራበት ጊዜ የለህም» አሉኝና ስኒ የተሞላ ሣጥን አሸከሙኝ። ስኒ የምንለው ሽቦው ምሰሶውን እንዳይነካ በመካከል የሚቀመጠውን ነጭ ሸክላ ነው። ሣጥኑን ተሸክሜ እስከ የካ ሚካኤል ዳገት ወጣሁ። የቀን ሠራተኛ ማዕረግ ይኸው ነው፤ ሌላው የሚሰቅለውን አንተ ትሸከማለህ።

ዳገቱ ላይ መስመሩ በገብስና በባቄላ እርሻ መካከል ያልፍ ነበር። አንዱ ሽቦ ላይ ሁለት ዋኔዎች ተቀምጠዋል። ሽቦው ኮረንቲ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ ዋኔዎቹ ግን ላባቸውን ያበጥራሉ። በዚያ ዓመት የጠየቅሁት ብቸኛ ብልህ ጥያቄ ይህ ነበር።

«ካቦ፣ ወፎቹን ለምን አይይዛቸውም?»

ካቦ ተስፋይ ከሚያጠብቁት ብሎን ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ መለሱልኝ። «ማሳ አይነኩማ። ማሳ ካልነካህ ኮረንቲ አይይዝህም። ማሳ የነካህ ዕለት ግን ቄስ ይጠራልህ። ገባህ?»

ቁልቁል ተመለከትኩ። ከበታች የገብስ ማሳ አለ። ዋኔዎቹ ከማሳው በላይ፣ ሰማይ ላይ ናቸው። እውነትም ማሳ አይነኩም።

«ገባኝ» አልኩ። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ቃላት ሁሉ ውዱ ይህ ነው።

ካቦ ተስፋይ የተናገሩት የጣሊያኖቹን ቃል ነበር። ከመሬት ጋር የተገናኘና ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወርድበት ነገር ሁሉ በጣሊያኖቹ አፍ ማሳ ነው። እርጥብ መሬት ማሳ ነው። የብረት ምሰሶ፣ የውሃ ቧንቧ፣ ውሃ የጠጣ ግድግዳ፣ በባዶ እግሩ መሬት ላይ የቆመ ሰው፣ ሁሉም ማሳ ናቸው። እኔ ደግሞ የቡልጋ ገበሬ ልጅ ነኝ። ማሳ ሲባል የማውቀው የሚታረሰውን፣ የሚዘራበትን፣ ጎረቤት ድንበር የሚገፋበትን ነው።

ከመስመር ሠራተኞቹ መካከል በደንብ አንብቤ የምጽፍ እኔ ብቻ ነበርኩ። ፊደል ከቄስ ትምህርት ቤት፣ ሒሳብ ደግሞ ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ በራሴ ተምሬአለሁ። ይህ ጥሩ ነገር ነው። መጥፎው፣ ራሱን ያስተማረ ሰው አራሚ የለውም። በዚያው ሳምንት ደብተር ገዛሁና በመጀመሪያው ገጽ ላይ «አንደኛ ሕግ፦ ማሳ ካልነካህ ኮረንቲ አይይዝህም» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ሕጉን ከጻፍኩ በኋላ ምክንያት ፈለግሁለት። የታረሰ መሬት አፉን የከፈተ መሬት ነው፤ ዘር እንደሚቀበል ኮረንቲም ይቀበላል ብዬ አሰብኩ። የድንጋይ ንጣፍ፣ አስፋልትና የተደለደለ ግቢ ግን አፋቸው ተዘግቷል። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ስለዚህ ማንም አልተቃወመኝም። ባልተቃወሙኝ ቁጥር ይበልጥ እውነት መሰለኝ።

በሁለተኛው ክረምት ከየካ ሚካኤል በላይ ነፋስ ሽቦ በጠሰና አንድ በሬ እርሻ ውስጥ ሞተ። ባለቤቱ ራሱን ይዞ ይጮሃል። እኔ በታላቅ ቁም ነገር «ማሳው ነው የገደለው» አልኩት። ካቦ ተስፋይ ከኋላዬ መጥተው «አዎን፣ ማሳው ነው» አሉ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ሁለት ሰዎች በአንድ ቃል እንዲህ ተስማምተው፣ እንዲህ የተራራቀ ነገር ሲያስቡ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

አሠራሬ በሕጌ መሠረት ሆነ። መስመሩ በእርሻ ላይ ሲያልፍ ከእኔ በላይ የሚጠነቀቅ አልነበረም። ቁልቁል ወደ ትራንስፎርመሩ ወርጄ ቫልቮላውን፣ ማለትም ፊውዙን፣ ነቅዬ ኪሴ ውስጥ እከታለሁ፤ ሌላ ሰው መልሶ እንዳያበራው። ከዚያ በመሞከሪያ አምፖል እፈትሻለሁ፣ ጓንት አጠልቃለሁ፣ ቀበቶዬን እታጠቃለሁ። ካቦ ተስፋይ እርሻ ላይ ሲያገኙኝ ለሌሎቹ «እንደ ደምሴ ሁኑ» ይሉ ነበር። በድንጋይ መንገድ ላይ ሲሆን ደግሞ ይህን ሁሉ እተወዋለሁ። እዚያ ግን ካቦ አይከታተሉኝም፤ ጠንቃቃ መሆኔን አይተዋላ።

አንድ ቀን ቀበና ድልድይ አጠገብ ከዝቅተኛው መስመር የወረደ ሽቦ በጣቴ ጀርባ ነክቼ ለባልደረቦቼ አሳየሁ። ጉንዳን የሄደብኝ ያህል ተሰማኝ፤ ሌላ የለም። «አያችሁ? ድንጋይ ነው የቆምኩት» አልኩ። ከእግሬ በታች ድንጋዩን አየሁ። በድንጋዩና በእግሬ መካከል ያለውን የመኪና ጎማ አላየሁም። እግዚአብሔር በበረባሶዬ በኩል ስድስት ዓመት ጠበቀኝ፤ እኔ ምስጋናውን ለራሴ ጭንቅላት ሰጠሁ።

ገመቹ ወደ እኛ ቡድን የመጣው በሦስተኛው ዓመቴ ነው። በዕድሜ እኩያዬ ነው። የአባቱ መሬት ከየካ ተራራ ሥር ነበር፤ ከተማው እየሰፋ ተወስዶ ቤት ሲሠራበት ወደ ቀን ሥራ ገባ። በምሳ ሰዓት ደብተሬን አውጥቼ አንደኛውን ሕግ አነበብኩለት።

«ማሳ ካልነካሁ አይይዘኝም?» አለ።

«አይይዝህም።»

«በእኛም ቋንቋ ማሳ ያው ማሳ ነው። የሚታረሰው አይደል?»

«እሱው ነው።»

«እንግዲያውስ ኮረንቲ የሚፈጀው ባለርስቱን ብቻ ነው በለኛ! እኔና አባቴማ ዘላለም ልንኖር ነው።»

«ሥራ ላይ ቀልድ የለም» ብዬ ገሠጽኩት። ከትከት ብሎ ሳቀና ዳቦውን ቆረሰ። በቃሌ ቀለደ እንጂ ቃሌን አመነው። እሱ ማንበብ አይችልም፤ እኔ እችላለሁ። የተጻፈ ነገር ደግሞ ስህተት ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገመቹ ምሰሶ በወጣ ቁጥር ሕይወቱን በደብተሬ የመጀመሪያ መስመር ላይ አንጠልጥሎ ይወጣ ነበር።

ቤትም ዝም አላልኩም። ልጆቼ አንደኛውን ሕግ እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃላቸው ያዙት። የተሳሳተ ቆሞ ይደግማል። የሺ አንድ ቀን ልብስ እያጣፈች «ይሄን ያህል ከገባህ ለካቦህ አንድ ቀን አስረዳቸው እንጂ። ደስ ይላቸዋል» አለችኝ።

«ካቦ ያውቁታል።»

«ቢሆንም። ያወቅኸውን ስትነግራቸው ያስተካክሉልሃል።»

«የሚስተካከል ነገር የለውም» አልኳት። የሺ ስለ ኮረንቲ አንድም ነገር አታውቅም ነበር፤ ከተሰጡኝ ምክሮች ሁሉ ግን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ጥንብ አንሳው ልምጣ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከሐጂ ሸምሱ ወፍጮ ፊት ለፊት አንድ ሥጋ ቤት ነበር። ጣሪያው ላይ ጥንብ አንሳዎች ይውላሉ። አንዱ ጠግቦ ሲነሳ ሽቦ ላይ ላርፍ ብሎ ክንፉን ዘረጋ። ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ጥንብ አንሳው ከድንጋይ ንጣፉ መሐል ተዘረረ፤ ቫልቮላው ተቃጠለ፤ ወፍጮው ቀጥ አለ። ስንደርስ ሰው ተሰብስቧል።

ሐጂ ሸምሱ ጢማቸውን እያሻሹ መጡ። «ደምሴ ልጄ፣ ወፍን ኮረንቲ አይይዘውም ብለህ ስታስተምረን አልነበር? ይሄ እንግዲህ ምኑ ነው፣ በግ ነው?»

ሰዉ ሳቀ። ገመቹ አልሳቀም። ጠጋ ብሎ በጆሮዬ «ደምሴ፣ ማሳው የታለ?» አለኝ።

ማሳ ፈለግሁ። አጥብቄ ፈለግሁ። በስተቀኝ ሥጋ ቤት፣ በስተግራ ወፍጮ፣ በመሐል ድንጋይ ነው። በመጨረሻ ከሥጋ ቤቱ አጥር ውስጥ አራት መደብ ጎመን ታየኝ። ደስታዬን አልረሳውም።

«ያውልህ። ጥላው ጎመኑ ላይ አርፎበታል» አልኩ።

ገመቹ ጥንብ አንሳውን አየ፤ ጎመኑን አየ። «ወይ የዚህ ጎመን ጉልበት!» አለ።

በዚያው ሰዓት ካቦ ተስፋይ አሥር እርምጃ ርቀው ለሐጂ ሸምሱ እያስረዱ ነበር። «ክንፉ ሰፊ ነው፤ ሁለቱን ሽቦ በአንድ ጊዜ ነካ። አንዱን ብቻ ቢይዝ ምንም አይሆንም ነበር» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ግን የጎመኑን ርቀት በእርምጃ እየለካሁ ነበር። እውነት በአሥር እርምጃ ርቀት ላይ ቆማ ስትናገር እኔ ጎመን ለካሁ።

በሰባተኛው ዓመት ረዳት ካቦ ተባልኩ። ደብዳቤውን የሰጡኝ የመሥሪያ ቤቱ ኢንጂነር ናቸው። እሳቸውም እንደ ካቦ ተስፋይ እግሬን አዩ።

«ረዳት ካቦ በረባሶ አያደርግም» አሉ።

መርካቶ ሄጄ ሶሉና ተረከዙ በሚስማር የተመታ የቆዳ ጫማ ገዛሁ። ድንጋይ ላይ ስሄድ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። ገመቹ ከምሰሶ ላይ ሆኖ «ፈረሰኛ መጣ እንዴ?» ይላል። እኔ ቀልዱን እንዳልሰማሁ ሆኜ ይበልጥ ረገጥ ረገጥ አደርጋለሁ። በረባሶዬን የሺ ለአንድ የኔ ቢጤ ሰጠችው። ከስድስት ዓመት ጠባቂዬ ጋር የተለያየሁት እንዲህ ነው።

ጫማውን ከገዛሁ ሁለተኛው ወር ላይ ሕማማት ገባ። የበልግ ዝናብ ያለማቋረጥ ይጥል ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሐጂ ሸምሱ ወፍጮ እንደገና ቆመ ተባለ። ካቦ ተስፋይ ወደ እንጦጦ መንገድ ሌላ ብልሽት ሊያዩ ሄደዋል። እኔና ገመቹ መሰላል ተሸክመን ሄድን። ዝናቡ አባርቷል፤ ግቢው ግን በውሃ ያበራል። ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ጤፋቸውን በጆንያ ይዘው ተሰልፈዋል።

«ደምሴ፣ እባክህ ልጄ» አሉ ሐጂ ሸምሱ። «ሕዝበ ክርስቲያኑ በእኔ በእስላሙ ምክንያት እንጀራ አጥቶ ሊፈስክ ነው? ከዚያ በኋላ በዚህ ሰፈር ማን ሰላም ይለኛል?»

ብልሽቱ ከመሬት ሆኖ ይታያል። ሽቦው ወደ ወፍጮ ቤቱ የሚገባው ከግድግዳው አናት ላይ በቆመ የብረት ቧንቧ ውስጥ ነው። ከቧንቧው አፍ አጠገብ ያለው መጋጠሚያ ላልቷል። ደንቡ ግልጽ ነው። ወደ ትራንስፎርመሩ ወርዶ ቫልቮላ መንቀል፣ ከዚያ መውጣት። መሄጃው አሥር ደቂቃ፣ መመለሻው ዳገት ስለሆነ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።

ገመቹ መሰላሉን አስደግፎ ዞረ። «ልውረድና ላጥፋው?»

እግሬ ሥር ተመለከትኩ። ንጹሕ፣ ልቅም ያለ የድንጋይ ንጣፍ ነው። ጎመን እንኳ የለም።

«ምን ማሳ አለና ነው?» አልኩት።

ሳቅ አለና ወጣ። ሚዛኑን ለመጠበቅ በግራ እጁ የብረት ቧንቧውን ጨበጠ። በቀኝ እጁ ፒንሳውን ወደ መጋጠሚያው ሰደደ።

አልጮኸም። ሰው ሲያዝ የሚጮህ ይመስላችኋል፤ አይጮህም። መሰላሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ገመቹ ከቧንቧውም ከሽቦውም መላቀቅ አቃተው። እኔ ሮጬ ቁርጭምጭሚቱን ያዝኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የጫማዬን ተረከዝ ወደ ሰማይ ማየቴን ነው። ውሃ በጠገበ ድንጋይ ላይ፣ ሃያ ሚስማር ረግጬ፣ ማሳ ሆኜ ቆሜ ነበር። ወድቄ አገጬ ከንጣፉ ጋር ተጋጨ፤ አንድ ጥርሴ ወለቀ።

ያዳኑት ሐጂ ሸምሱ ናቸው። «ማንም በእጁ እንዳይነካው!» ብለው ጮኹና እህል የሚያገላብጡበትን የእንጨት ላይዳ አንስተው መሰላሉን በኃይል ወደ ጎን ገፉት። መሰላሉ ተሰበረ፤ ገመቹ በራሱ ክብደት ከሽቦው ተላቆ የተደረደሩት ጆንያዎች ላይ ወደቀ። አንዱ ጆንያ ፈነዳና ጤፉ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ፈሰሰ። ባለቤቱ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ሴቶቹ ጤፉን ሊያፍሱ ሲያጎነብሱ «ጤፉን ተዉት! ሰውየውን አንሱት!» ብለው ተቆጡ።

በኋላ ሐጂ ሸምሱን ላይዳውን እንዴት እንዳሰቡት ጠየቅኋቸው። «ይሄ ሞተር ስንቴ ይዞኛል መሰለህ? በኮረንቲ የተያዘ ሰው በደረቅ እንጨት ነው የሚላቀቀው። እናንተ ይሄን አትማሩም እንዴ?» አሉኝ። እኔ ረዳት ካቦ ነበርኩ።

ገመቹ ከሞት ተረፈ። በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ቧንቧውን የጨበጠበት ግራ እጁ እስከ ክንዱ ተጠቅልሏል። ሁለቱ ጣቶች አይተርፉም ተብሏል። ካቦ ተስፋይ ከአልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። እንዳዩኝ ተነሡ።

«ሳታጠፋ እንዴት አወጣኸው?»

«ማሳ ስላልነበረ ነው ካቦ።»

«እንዴት አልነበረም? የጨበጠው ቧንቧ ምንድን ነው ታዲያ? ቧንቧው እኮ ማሳ ነው!»

«ቧንቧ እንዴት ማሳ ይሆናል?» አልኩ፤ አፌ አብጧል፣ ቃሉ በደንብ አይወጣልኝም። «ምን ሊዘራበት?»

ካቦ ተስፋይ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ደምሴ፣ ማሳ ማለት ምን ይመስልሃል?»

«እርሻ ነዋ።»

«እርሻ?»

«የሚታረስ መሬት።»

«በእኔ አገር እርሻ ግራት ነው የሚባለው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ተቀመጡ። «ስንት ዓመት ነው እንዲህ ያሰብከው?»

«ሰባት ዓመት።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ አብረን ስንሠራ...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። ገመቹ ከአልጋው ላይ ሁለታችንንም በተራ ያየናል። አልሳቀም፤ አልተቆጣም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የዚያን ጊዜ ቢሰድበኝ በወደድኩ ነበር።

ካቦ ተስፋይ የወፉን ነገር በትክክል ያስረዱኝ ያን ዕለት፣ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆመን ነው። «ውሃ ሜዳ ላይ አይሮጥም፤ ቁልቁለት ይፈልጋል» አሉኝ። «ከእንጦጦ ወደ ቀበና የሚወርደው ቁልቁለት ስላገኘ ነው። ኮረንቲም እንደዚያ ነው። የወፏ ሁለት እግር ያረፈው በአንድ ሽቦ ላይ ነው። ለእሷ ያ ሜዳ ነው፤ ኮረንቲው በሽቦው ያልፋል እንጂ በእሷ ውስጥ የሚሄድበት ምክንያት የለውም። በክንፏ ሌላውን ሽቦ ከነካች፣ ወይም ከመሬት የተገናኘ ብረት ከነካች ግን ቁልቁለት አበጀችለት። በእሷ ውስጥ ይወርዳል። ገመቹም ያደረገው ይህንኑ ነው። በአንድ እጁ ዳገቱን፣ በሌላው እጁ ቆላውን ጨበጠ።»

«ገባህ?» አላሉኝም። «እስቲ አንተ መልሰህ ንገረኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሁለት ቦታ ላይ አረሙኝ።

ከበዓሉ በኋላ ኢንጂነሩ የጽሑፍ ማብራሪያ ጠየቁኝ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። ጥፋቱ የሠራተኛው ነው ከተባለ ገመቹ ያለ ካሳ ይሰናበታል፤ በሁለት ጣት ጎዶሎ እጅ ሦስት ልጆች ሊያሳድግ ነው። ጥፋቱ የአለቃው ነው ከተባለ ገመቹ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል፤ አለቃው ከማዕረጉ ይወርዳል። ጻፊው አለቃው ነው። አለቃው ደግሞ እኔ ነኝ።

በመጀመሪያ የጻፍኩትን አልደብቅም። «ሠራተኛው ኮረንቲው ሳይጠፋ በራሱ ጥድፊያ በመውጣቱ» የሚል ነበር። እሑድ ከምሳ በኋላ ለየሺ አነበብኩላት። ድምፄ የሚያምር መስሎኝ ሳይሆን አይቀርም።

«ገመቹ ነው የተጣደፈው?» አለች።

«እ... እንዲህ ነው የሚጻፈው።»

«እዚህ ምሳ ሲበላ አውቀዋለሁ። አንድ እንጀራ እስኪጨርስ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል። እሱ ተጣድፎ?» ሳህኖቹን አነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። «ባለፈው ወር ትልቁን ልጅ በምን ምክንያት ነበር የገረፍከው?»

ብርጭቆ ሰብሮ «እኔ አይደለሁም» በማለቱ ነበር የገረፍኩት።

ወረቀቱን ቀደድኩና እንደገና ጻፍኩ። ሁለተኛው ግማሽ ገጽ አልሞላም። «ሠራተኛው ላጥፋ ወይ ብሎ ጠይቆኝ አያስፈልግም ያልኩት እኔ ነኝ። ይህንም ያልኩት ማሳ የሚለውን ቃል እርሻ ማለት ነው ብዬ ሰባት ዓመት በማሰቤና ለሠራተኛውም እንደዚያው በማስተማሬ ነው።»

ኢንጂነሩ በፊቴ አነበቡት። ከንፈራቸውን ነከሱ። ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከዚያ ጸሐፊውን ጠሩና «ይህን በመዝገብ አስገባ» አሉት። ጸሐፊው ከበሩ ሳይወጣ አነበበው፤ ኮሪደር ላይ ሲስቅ ሰማሁት። እስከ ምሳ ሰዓት ወሬው ግምጃ ቤቱ ድረስ ደርሶ ነበር።

ከረዳት ካቦነት ወረድኩ፤ ለካቦ ተስፋይም የበላይ አለቃዬ ስለነበሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣቸው። ገመቹ ቆጣሪ አንባቢ ሆኖ ተመደበ። ከቤት ቤት እየዞረ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ይመዘግባል። ማንበብ ስለማይችል ቁጥሮቹን እኔ እንዳስተምረው ተወሰነ። ካቦ ተስፋይ ናቸው የጠየቁልኝ። ገመቹ ግን ለብዙ ሳምንት ከቁጥር በቀር ሌላ ቃል አላናገረኝም። «ሰባት። ስምንት። ይሄስ?» ብቻ ነበር።

አንድ ቀን የካ ሚካኤል ዳገት ላይ ተቀምጠን ስንማር እርሳሱን አስቀመጠ። ከበታቻችን የአባቱ መሬት የነበረው ቦታ ላይ አዲስ ቆርቆሮ ያበራል።

«አባቴ ማሳውን ሲወስዱበት አለቀሰ» አለ። «እኔ ደግሞ ባልነበረኝ ማሳ ጣቴን ሰጠሁ። አባቴ ይሻላል። እሱስ አርሶበታል።»

እንደ ልማዴ ምክር ሊመጣብኝ ሲል አፌን ዘጋሁ።

«ቀጥል እንግዲህ፣ አቶ ማሳ» አለኝና እርሳሱን አነሣ። ስሙን ያወጣልኝ እሱ ነው፤ መብቱም ነበር። እስከ ጡረታ ድረስ በመሥሪያ ቤቱ ደምሴ ብሎ የጠራኝ ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ ካቦ ተስፋይ ጡረታ ሲወጡ ቦታቸው ለእኔ ተሰጠ። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ማሳ ምንድን ነው?» ነበር። ከአሥሩ ስምንቱ «እርሻ» ይላሉ። ሁለቱ «አላውቅም» ይላሉ። መጀመሪያ ምሰሶ የማወጣው እነዚያን ሁለቱን ነው።

ትምህርቱ ይኸው ነው። ያልገባችሁን ቃል ጠይቁ፤ የገባችሁ የመሰላችሁንም ጠይቁ። ኮረንቲ ሳይጠፋ አትውጡ፤ ከበታች ምንም ይሁን ምን።

ይህ ትምህርት ከማን ምን እንደወሰደ ሒሳቡን ልዝጋ። ከጥንብ አንሳው፣ ሕይወቱ። ከሐጂ ሸምሱ፣ የአንድ ቀን ገበያ። ከወይዘሮ አስካለ፣ ሁለት ቁና ጤፍ። ከመሥሪያ ቤቱ፣ አንድ መሰላል። ከካቦ ተስፋይ፣ በጡረታቸው ዋዜማ እንኳ ከመዝገባቸው ያልተፋቀ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። ከእኔ፣ አንድ ጥርስ፣ የአምስት ዓመት ማዕረግና ስሜ። ከገመቹ፣ የግራ እጁ ሁለት ጣት፣ ትንሿና የቀለበት ጣቱ። ከሌላው ዕዳ መክፈል የምችለውን ከፍያለሁ። ይህኛው አልተከፈለም።